ቀረጡ ዜሮ ከሆነ ታዲያ ምን ያዘን?

ሰላም አንባቢዎች። በዚህ ወር ከመጡልኝ ጥያቄዎች ብዙዎቹ ዞረው ዞረው አንድ ነገር ነው የሚጠይቁት፣ አፍሪካና አውሮፓ በንግድና በዘላቂ ልማት አብረው ሊሰሩ ተስማሙ ሲባል እንሰማለን፣ እኛ ጋ የደረሰው ምንድነው? እኔ ብዙ ዓመት ቡና ላኪ ድርጅት ውስጥ ሰነድ ሳዘጋጅ ነው የኖርኩት፣ ስለዚ ነገሩን ከዜናው ይልቅ በወረቀቱ በኩል ነው የማውቀው፣ መልሴ ወደ ቡና ካደላም በዚ ምክንያት ነው።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። ስራዬ ሜክሲኮ አካባቢ ነው፣ የአፍሪካ ህብረት ጉባኤ በመጣ ቁጥር መንገድ ይዘጋና እስከ ሳር ቤት በእግር ነው። አይከፋኝም፣ እንግዳ ነው። ግን ከአውሮፓ ጋር ይሄን ያህል ቢሊዮን ዩሮ ተባለ ሲሉ እሰማለሁ፣ ብሩ የት ነው ያለው? እኛስ አለንበት?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ያንን መንገድ እኔም ስንቴ በእግሬ ሄጄዋለሁ። ጉባኤው እኛ ከተማ መደረጉ ግን እንዲሁ የመጣ አይደለም፣ የተባበሩት መንግስታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. ከ1958 ጀምሮ (እዚህ የምጠራቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ ናቸው) መቀመጫው አዲስ አበባ ነው፣ የአፍሪካ አንድነት ድርጅትም በ1963 የተመሰረተው ከመስቀል አደባባይ ከፍ ብሎ ባለው አፍሪካ አዳራሽ ነው። ሁለቱ አህጉሮች ደግሞ የምር ጎረቤት ናቸው፣ ጂብራልታር ላይ የሚለያቸው ባህር በጠባቡ በኩል 14 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ከፒያሳ ቃሊቲ እንደመውረድ በለው።

መሪዎቹ ለመጀመሪያ ጊዜ አብረው የተሰበሰቡት በ2000 ካይሮ ላይ ነው፣ በ2007 ሊዝበን ላይ የጋራ ስትራቴጂ አወጡ፣ አንተ የሰማኸው ቢሊዮን ደግሞ በፌብሩዋሪ 2022 ብራሰልስ ላይ የተነገረው 150 ቢሊዮን ዩሮ ነው፣ ከዛ በኖቬምበር 2025 ሉዋንዳ ላይ እንደገና ተገናኙ። ይሄ አንድ ካዝና ውስጥ የተቀመጠ ብር አይደለም። እርዳታም ብድርም ዋስትናም አለበት፣ የግል ኩባንያዎች ያወጣሉ ተብሎ የሚጠበቀውም ካፒታል አብሮ ተቆጥሯል፣ ስለዚ ብሩ የት ገባ ብለህ አንድ ቦታ ብትፈልገው አታገኘውም።

ለኛ ሀገር ከጉባኤዎቹ ሁሉ የሚበልጠው ብዙ ሰው የማያነሳው ነገር ነው። ከ2001 ጀምሮ የአውሮፓ ህብረት በኢኮኖሚ እጅግ ኋላ የቀሩ ከሚላቸው ሀገሮች የሚመጣ ዕቃ በሙሉ፣ ከጦር መሳሪያ በስተቀር፣ ያለ ቀረጥና ያለ ኮታ እንዲገባ ፈቅዷል፣ ኢትዮጵያም አለችበት። ኬንያ እዛ ዝርዝር ውስጥ ስለሌለች ለብቻዋ ተደራድራ ስምምነቷ ስራ ላይ የዋለው በጁላይ 2024 ነው። ለኛ ግን በሩ ከተከፈተ ሩብ ምዕተ ዓመት ሆነው። ክፍት በር እያለ ለምን በብዛት አልገባንም የሚለው ነው እኔን እንቅልፍ የሚነሳኝ፣ የሚቀጥለውን ጥያቄ አንብበው።

ጥያቄ፦ እንደምን አሉ ጋሼ። ፒያሳ ቡና ቆልቼ እየፈጨሁ እሸጥ ነበር፣ ከዛ ከተነሳን በኋላ ሱቄን አምስት ኪሎ አድርጌያለሁ። ጀርመን ያለች ዘመዴ የተቆላ ቡና በካርቶን ላኪልኝና እዚህ ለሱቆች ላከፋፍለው አለችኝ። ጓደኞቼ ግን አውሮፓ ጥሬውን ነው የሚፈልገው፣ ለተቆላው ከፍተኛ ቀረጥ ይጥሉበታል፣ አትልፊ አሉኝ። እውነት ነው?

መልስ፦ እህቴ፣ ግማሹ እውነት ነው። ጥሬ ቡና ከየትም ቢመጣ አውሮፓ ውስጥ ቀረጡ ዜሮ ነው፣ የተቆላ ግን ልዩ ፈቃድ ለሌለው ሀገር 7.5 በመቶ ነው። ከኢትዮጵያ ከሆነ ግን ቅድም ባልኩት ፈቃድ የተቆላውም ዜሮ ነው። ስለዚ አንቺን የሚይዝሽ ቀረጥ አይደለም።

የሚይዝሽን ልንገርሽ። አንደኛ ቡናው ራሱ ነው፣ ጥሬው ብዙ ወር ይቀመጣል፣ የተቆላው ግን በሳምንታት ውስጥ ሽታው እየሄደ ይመጣል፣ በጅቡቲ በኩል በመርከብ ልላከው ብትይ እዛ ሲደርስ ሌላ ቡና ነው የሚሆነው፣ ስለዚ በአውሮፕላን ነው፣ የአውሮፕላን ኪሎ ደግሞ ውድ ነው። ሁለተኛ ጀርመን የራሷ የቡና ታክስ አላት፣ በተቆላ ቡና በኪሎ 2.19 ዩሮ፣ ይሄ ከየትም የመጣ ቡና ላይ ነው፣ እዛው የተቆላውም ይከፍላል፣ ዘመድሽ ይሄን ሳትቆጥር ዋጋ እንዳትነግርሽ። ሶስተኛው ላብራቶሪ ነው። ኦክራቶክሲን የሚሉት የሻጋታ መርዝ ይመረመራል፣ ሲቆላ የሚፈጠረው አክሪላማይድም በኪሎ 400 ማይክሮግራም የሚል መለኪያ አለው። የምርመራው ክፍያ ለ20 ኪሎም ለ20 ኩንታልም ያው ነው፣ ትንሽ ነጋዴን የሚሰብረው እዚ ጋ ነው። እኔ ብሆን ሶስት አራት ሆናችሁ አንድ አይነት ቡና ገዝታችሁ አንድ ላይ አስመርምሩ ነው የምለው፣ ብቻሽን አትችይውም።

ወረቀቱ ላይ ደግሞ የሚያቀል ነገር አለ፣ ብዙ ሰው አያውቀውም። ጭነቱ ከ6,000 ዩሮ ካልበለጠ የአውሮፓ ህብረት የላኪዎች መመዝገቢያ ሲስተም ውስጥ ሳትመዘገቢ ኢንቮይሱ ላይ ዕቃው የኢትዮጵያ ምርት ነው የሚለውን መግለጫ ራስሽ መፃፍ ትችያለሽ፣ ዜሮ ቀረጡን የምታገኚው በዛ መግለጫ ነው፣ ካልፃፍሽው 7.5 በመቶው ይመጣል። ከዛ በላይ ከሆነ የላኪነት ቁጥር ማውጣት ግድ ነው።

አንድ የደረሰብኝን ልንገርሽ። የምሰራበት ቤት የተቆላ ሳምፕል ወደ አውሮፓ ላክን፣ ኢንቮይሱ ላይ ያለው ክብደትና የአየር መንገድ ወረቀቱ ላይ ያለው በ200 ግራም ተለያየ፣ ካርቶኑን ጨምሮ መዝኖ የፃፈ ሰው ነበር፣ እቃው እዛ ኤርፖርት 9 ቀን ቆመ። ሲወጣ ገዢው ቀምሶት ከዛ ወዲህ አንድ ኢሜይል አልፃፈልንም። እስካሁን ይቆጨኛል፣ ቡናው ጥሩ ነበር። በ2008 ደግሞ ጃፓን በኛ ቡና ላይ የፀረ ተባይ ቅሪት አገኘሁ ብላ ገበያው ሲታወክ ሰበቡ የተባለው ማሳው ሳይሆን የተበከለ ጆንያ ነበር። ዘላቂ ልማት ምናምን ሲባል ትልቅ ነገር ይመስላል እንጂ ለኛ ጆንያና ሚዛን ነው። ስለዚ የተቆላበትን ቀን ማሸጊያው ላይ ፃፊ፣ የየቀኑን አቆላል ደብተር ያዢ፣ መጀመሪያ ትንሽ ላኪ፣ ዘመድሽም እዛ አስመጪ ሆና በራሷ ስም ትመዝገብ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ተክለሃይማኖት ነው ሱቄ። ለምን ሁልጊዜ አውሮፓ? ቻይና አለች፣ ዓረብ ሀገር አለ፣ ኬንያ አለች።

መልስ፦ ልክ ነህ፣ ጅቡቲ ጋ፣ ባብ ኤል መንደብ ላይ፣ እስያም ከአፍሪካ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ሳዑዲ የኛን ቡና በብዛት ከሚገዙት አንዷ ናት፣ ቻይናም ከዲሴምበር 1 ቀን 2024 ጀምሮ እንደኛ ላሉ ሀገሮች ቀረጡን ዜሮ አድርጋለች። የአፍሪካው ነፃ ንግድ በማርች 2018 ኪጋሊ ላይ ተፈርሞ በ2021 ንግዱ ተጀመረ ተብሏል፣ እኛ የመጀመሪያ ጭነታችንን የላክነው በኦክቶበር 2025 ነው፣ ዘግይተናል። ለትንሽ ነጋዴ ናይሮቢ ከሃምቡርግ ይሻላል የሚለው ሀሳብ አለኝ፣ ስህተት ብትሰራ በቶሎ ታርመዋለህ። ግን ላብራቶሪና ወረቀት የትም ስለሚጠየቅ አውሮፓ የተማርከው የትም ይጠቅምሃል።

ጥያቄ፦ አራት ኪሎ የምማር ነኝ። ክላስ ውስጥ ስለ ጤፍ ፓተንት፣ አንድ የሆላንድ ኩባንያ ስለያዘው የፈጠራ ባለቤትነት መብት፣ ተነስቶ ተጨቃጨቅን። ከአውሮፓ ጋር መተባበር ማለት እንደዛ ከሆነ ባይቀር ወይ?

መልስ፦ የኔ ልጅ፣ ንዴታችሁ ተገቢ ነው፣ ግን ታሪኩን እስከመጨረሻ ያዙት። በ2005 የኛ የብዝሃ ሕይወት ተቋም ከአንድ የሆላንድ ኩባንያ ጋር ተፈራረመ፣ ጤፉን ትጠቀማላችሁ፣ ጥቅሙን ታካፍሉናላችሁ ነው ውሉ። ወረቀቱ ላይ ቆንጆ ነበር፣ ለሌላውም ምሳሌ ይሆናል ተብሎ ነበር። ከዛ ኩባንያው በጤፍ ዱቄት አዘገጃጀት ላይ በ2007 የአውሮፓ ፓተንት አገኘ፣ በ2009 ከሰረ፣ ውሉ ከከሰረው ጋር ቀረ፣ ፓተንቱ ግን ወደ ሌላ ኩባንያ ዞረ፣ ሀገራችን ያገኘችው ከታሰበው ጋር የማይገናኝ ትንሽ ነገር ነው። ያሳሰበኝ ውል መፈረማችን አይደለም፣ የፓተንቱ ባለቤት ሲቀየር ግዴታውም አብሮ ይሄዳል የሚል አንድ መስመር በትክክል አለመያዙ ነው።

ፓተንቱን የጣለው ደግሞ እዛው ሄግ ያለ ፍርድ ቤት ነው፣ በኖቬምበር 2018፣ አዲስ የፈጠራ ሀሳብ የለበትም ብሎ። ፓተንቱ ይዞት የነበረው ነገር ዋናው ጤፉ ከታጨደ በኋላ ቆይቶ ሲፈጭ ዱቄቱ ይሻላል የሚል ነው፣ ይሄን ሀገር ቤት ያለች እናት ማን አስተማራት? ፍርዱ የጣለው ግን ፓተንቱ ሆላንድ ውስጥ ያለውን ክፍል ብቻ ነው፣ እኛም ሀገር ውስጥ ህግ የሚያነብ፣ ውል ላይ የሚከራከር ሰው ነው የጎደለን። አንተ ህግ የምታጠና ከሆነ እዚህ ጉዳይ ላይ ጥናትህን ስራ፣ የምር ነው የምልህ።

ጥያቄ፦ ሰላም ጋሼ። ስቴዲየም አካባቢ ቢሮ ውስጥ ነው የምሰራው፣ ቤተሰቦቼ ጌዴኦ ናቸው፣ አባቴ ከአንድ ሄክታር የማይበልጥ ቡና አለው፣ ከእንሰትና ከትልልቅ ዛፎች ስር። ሰዎች መጥተው ማሳውን በጂፒኤስ እንመዝግብ ቢሉት አባረራቸው። መሬቴን ሊወስዱ ነው፣ ግብር ሊጨምሩ ነው ይላል። ምን ልበለው?

መልስ፦ እህቴ፣ አባትሽን አትቆጪው፣ ሳይነገረው መሬቱን ለክቶ የሚሄድ ሰው ማንም ይጠረጥራል። ነገሩ ይሄ ነው። አውሮፓ በ2023 ያወጣው ህግ አለ፣ ቡና፣ ካካዎ፣ እንጨት፣ ከብት፣ ጎማ፣ አኩሪ አተርና ፓልም ከዲሴምበር 31 ቀን 2020 በኋላ ደን ተጨፍጭፎ በተገኘ መሬት ላይ ከተመረተ አይገባም ይላል። ገዢው ያንን ለማሳየት ቡናው ከየትኛው ማሳ እንደመጣ ማስመዝገብ አለበት። ስራ ላይ የሚውልበት ቀን ሁለት ጊዜ ተገፍቶ አሁን 2026 መጨረሻ ላይ ነው፣ ለትንንሾቹ ነጋዴዎች ደግሞ 2027 አጋማሽ፣ ግን ተገፋ ማለት ቀረ ማለት አይደለም፣ ገዢዎች ከአሁኑ እየጠየቁ ነው።

ማሳው ከ4 ሄክታር በታች ከሆነ ዙሪያውን መለካት አያስፈልግም፣ አንዲት ነጥብ ትበቃለች። አባትሽ የሚጠየቀው እሷን ብቻ ነው። ነጥቧ የመሬት ደብተሩን አትቀይርም፣ ባለቤትነትም አታዞርም።

የሚከብደው ነጥቧን መያዙ ሳይሆን ከዛ በኋላ ያለው ነው። አባትሽ እሸት ቡናውን ለሰብሳቢ ይሰጣል፣ ሰብሳቢው ለማጠቢያ ጣቢያ፣ እዛ የመቶዎች ቡና አንድ ገንዳ ውስጥ ይገባል፣ የምርት ገበያውም ከ2008 ጀምሮ ለረጅም ጊዜ ቡናውን በአካባቢና በደረጃ እንጂ በገበሬ ስም አላገበያየውም፣ ከ2017 ወዲህ ነው ነገሩ የላላው። ስለዚ አንዱ ማሳ ካልተመዘገበ የጎረቤቶቹ ሁሉ ቡና አብሮ ጥርጣሬ ውስጥ ይገባል፣ ይሄን ለአባትሽ በደንብ አስረጂው።

የኔ ትልቁ ፍርሀት ሌላ ነው። ከሳተላይት ሲታይ የጌዴኦ ቡና ደን ነው የሚመስለው፣ ጥላው ስለሚሸፍነው። አንድ ሰው ካርታው ላይ ደን ብሎ ከመዘገበው በኋላ አባትሽ ያረጀ ዛፍ ቆርጦ ቡና ቢያድስ፣ ደን ጨፈጨፈ ሊባል ነው። ህጉ ራሱ የእርሻ አገልግሎት ላይ ያለ፣ ከዛፍ ጋር የሚለማ መሬትን ደን አይለውም፣ ስለዚ ሲመዘገብ ቡና ከእንሰትና ከዛፍ ጋር የሚመረትበት እርሻ ተብሎ ይፃፍ። ይሄ አለም ያወቀው አሰራር ነው፣ የጌዴኦ መልክዓ ምድር በ2023 ዩኔስኮ የመዘገበው በዚሁ አኗኗር ነው። ደን እንጠብቅ የሚል ህግ ደን ጠብቆ የኖረን ሰው ከገበያ እንዳያስወጣ ድርድር ላይ መነሳት ያለበት ይሄ ነው፣ የመመዝገቢያውን ወጪም ቡናውን የሚጠጣው ወገን ይካፈል።

አሁን ወደ አባትሽ። ለመጡት ሰዎች እሺ ከማለቱ በፊት ሶስት ነገር ይጠይቅ፣ ከየት ናችሁ፣ መረጃው ማን ጋ ነው የሚቀመጠው፣ ለኔ ኮፒ ትሰጡኛላችሁ ወይ። ኮፒው ላይ እንዳይደራደር፣ ነጥቡን አንድ ላኪ ብቻ ከያዘው በሚቀጥለው ዓመት ዋጋ ሲያንስበት ለሌላ ልሽጥ ቢል መረጃው የለውም፣ ተይዞ ይቀራል። በዓል ሲመጣ ስትሄጂ ደግሞ በስልክሽ ነጥቧን ራስሽ ያዢ፣ ማሳው መሀል ቆመሽ፣ ቁጥሩን ከመሬት ደብተሩ ጋር ወረቀት ላይ ፃፊለት፣ ጊዜ ካለሽ ለጎረቤቶቹም።