ለትሬዶቻችሁ ስም አውጡላቸው

ስለ ትሬድ (በአንድ ፕሮግራም ውስጥ ከሌሎች ጎን ለጎን የሚሄድ የሥራ መስመር) አሰያየም ከደረሱኝ ጥያቄዎች የተወሰኑትን ዛሬ ልመልስ።

«ፕሮግራሜ ያለ ስምም በደንብ ይሠራል። ለምን ልልፋ?»

ይሠራል፣ ልክ ነህ። ጣጣው የሚመጣው የቆመ ቀን ነው። ሌሊት ሰርቨሩ ቀጥ ብሎ ሲቀርብህ፣ በጄስታክ (የጃቫ መሣሪያ ነው) ትሬድ ደምፕ፣ ማለትም እያንዳንዱ ትሬድ በዚያ ቅጽበት ምን ላይ እንዳለ የሚያሳይ ዝርዝር፣ ስታወጣ «ፑል-1-ትሬድ-7»፣ «ፑል-3-ትሬድ-2» የሚል መዓት ይዘረገፍልሃል። የትኛው ነው ክፍያ የሚልከው? የትኛው ነው ሪፖርት የሚጽፈው? ስታክ ትሬሱን (የፈንክሽን ጥሪዎቹን ዝርዝር) አንድ በአንድ ካላነበብክ አታውቅም። «ክፍያ-ላኪ-2 የሚጠብቀውን ቁልፍ ሪፖርት-ጻፊ-1 ይዞታል» ቢልህ ግን ዴድሎኩን (ትሬዶች እርስ በርስ ተጠባብቀው የቆሙበትን) የት እንደምትፈልግ ወዲያው ገባህ ማለት ነው። ደንበኛ እየደወለ ባለበት ሰዓት ይህ ትልቅ ነገር ነው።

«የጃቫ ኤግዚኪዩተር ነው የምጠቀመው። ትሬዱን የሚፈጥረው እሱ ነው፤ ስሙን የት ልስጥ?»

የራስሽን ትሬድ ፋክተሪ (ትሬዶቹን የሚሠራለትን ኮድ) ስጪው። የሥራውን ስም ከፊት፣ ተራ ቁጥሩን ከኋላ። ጃቫ 21 ላይ የገቡት ቨርችዋል ትሬዶች (ጃቫ ራሱ የሚያስተዳድራቸው ቀላል ትሬዶች) ደግሞ ካልሰየምሻቸው ስማቸው ባዶ ነው፣ እነሱንም አትርሺ።

«ሊኑክስ ላይ በሲ ስም ሰጠሁ፣ ግን አልያዘልኝም።»

ረዝሞብሃል። ሊኑክስ ለአንድ ትሬድ ስም የሚፈቅደው 16 ባይት ነው፣ አንዱ ለማብቂያው ምልክት ስለሚሄድ ለአንተ የሚቀርህ 15 ነው። ከዚያ ካለፈ pthread_setname_np የሚባለው ፈንክሽን ስህተት ይመልሳል እንጂ ቆርጦ አያስገባልህም፣ የመለሰውን ካላየህ ደግሞ ምንም አታውቅም። በአማርኛ ፊደል ከሆነ ይብሳል። በዩቲኤፍ-8 (ፊደልን በባይት የመጻፊያ ስልት) አንድ የአማርኛ ፊደል 3 ባይት ስለሚወስድ፣ «ክፍያ-ላኪ» እንኳ ከነሰረዙ 16 ባይት ሆኖ አይገባም! እዚህ ጋ በላቲን ፊደል አሳጥረህ ጻፍ።

«ፓይተን ላይስ?»

ቀላል ነው። ትሬዱን ስትፈጥር «ኔም» (name) በሚለው ፓራሜትር ስጠው፣ ከዚያ የሎግ (ፕሮግራሙ የሠራውን የሚመዘግብበት) ፎርማትህ ውስጥ የትሬዱን ስም ጨምር። ስሙ ሎግ ላይ ካልወጣ ግማሽ ጥቅሙ ቀረ።

«የፑል (ለተለያየ ሥራ ደጋግመን የምንጠቀምባቸው ትሬዶች ስብስብ) ትሬድ ሥራ በቀየረ ቁጥር ስሙንም ልቀይር?»

የደንበኛውን ትዕዛዝ ቁጥር ስሙ ላይ መለጠፍ ደስ ይላል፣ እኔም እወደዋለሁ። ግን ሥራው ሲያልቅ፣ ተሳክቶም ይሁን ከሽፎ፣ «ፋይናሊ» (በማንኛውም ሁኔታ የሚሠራው የኮድ ክፍል) ውስጥ የድሮውን ስም መልሺለት። ካልመለስሽ ትሬዱ የትናንቱን ትዕዛዝ ስም ይዞ የዛሬውን ይሠራል፣ ሎጉን የሚያነበው ሰውም የማይመለከተውን ትዕዛዝ ሲፈትሽ ያድራል። ይህን ማረጋገጥ ካልቻልሽ ቋሚውን ስም ባትነኪው ይሻላል።