መልስ፦ ሴኩላሪዝም ፀረ ሃይማኖት ነው ወይ?
ወንድሜ፣ “ሂውማኒስቶች ጄኔቫ ድረስ ሄደው ስለ ሴኩላሪዝም የሚከራከሩት ሃይማኖትን ለማጥፋት ነው ወይ?” ብለህ ጠይቀሃል። በፍጹም። ሂውማኒስቶች፣ ማለትም ሃይማኖት ሳይከተሉ በሰው ልጅ ክብርና በማስተዋል የሚመሩ ሰዎች፣ የሚጠይቁት ሴኩላሪዝምን፣ ማለትም መንግሥት ለየትኛውም እምነት እንዳይወግን ነው። ይሄ አማኙንም ይጠቅማል። እዚህ ብዙኃን የሆነ ሃይማኖት ድንበር ሲሻገር አናሳ ይሆናላ!

መነሻቸው በ1948 እ.ኤ.አ. የወጣው ሁለንተናዊ የሰብዓዊ መብቶች መግለጫ፣ ስለ እምነት ነፃነት የሚናገረው አንቀጽ 18 ነው። እምነትን የመለወጥ መብትንም ያካትታል። የተባበሩት መንግሥታት የሰብዓዊ መብቶች ኮሚቴም በ1993 ባወጣው ማብራሪያ፣ ምንም ሃይማኖት አለመከተልም ጥበቃ እንዳለው በግልጽ አስቀምጧል።

“ንግግር ብቻ ምን ይፈይዳል?” ላልከው፣ የናይጄሪያዊውን ሂውማኒስት የሙባረክ ባላን ጉዳይ ተመልከት። ፌስቡክ ላይ ስለ ሃይማኖት በጻፈው ምክንያት በ2020 ታሰረ። በ2022 ደግሞ 24 ዓመት ተፈረደበት። የሂውማኒስቶች ዓለም አቀፍ ድርጅት የሆነው ሂውማኒስትስ ኢንተርናሽናል ጉዳዩን ጄኔቫ በሚሰበሰበው የተባበሩት መንግሥታት የሰብዓዊ መብቶች ምክር ቤት ደጋግሞ አነሳ። በ2024 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ቅጣቱን ወደ 5 ዓመት ዝቅ አደረገው፤ ከዚያ በኋላም ተፈታ። እርግጥ ያለ ጠበቆቹ ልፋት ጩኸቱ ብቻውን አያስፈታውም ነበር። ግን አንድ ተወካይ ማይክ ይዞ የታሳሪውን ስም ሲጠራ፣ የአገሩ ዲፕሎማት እዚያው አዳራሽ ተቀምጦ ይሰማል፤ ንግግሩም በይፋ ይመዘገባል። እኔ ይሄን እንደ ቀላል ነገር አላየውም።