መልስ፦ መቀነስ ላይ ለሚሳሳት ልጅ

ውድ ጠያቂ፣ የ8 ዓመት ልጅዎ መደመርን በቀላሉ እየሠራ፣ ከ52 ላይ 27 ሲቀንስ ግን ሁልጊዜ 35 እንደሚያመጣ ገልጸው፣ ተጨማሪ መልመጃ ይበጀው እንደሆነ ጠይቀዋል። በእኔ እምነት መልመጃው ለጊዜው ይቆይ። ልጁ በአንድ ቤት ከ2 ላይ 7 መቀነስ ስላልቻለ ገልብጦ ከ7 ላይ 2 ቀንሶ 5 ይጽፋል፤ ይህ ግድየለሽነት ሳይሆን ራሱ ያወጣው ሕግ ነው፣ ሕጉንም በታማኝነት ይከተላል። መቶ ጥያቄ ቢሰጡት ያንኑ ስሕተት መቶ ጊዜ ይለማመደዋል።

ይልቁንስ 52 ቀጫጭን እንጨቶች ሰጥተውት፣ አሥር አሥሩን በላስቲክ አስሮ ሁለቱን ነጠላ እንዲተዋቸው ያድርጉ፤ ከዚያም 27 እንዲሰጥዎ ይጠይቁት። ሰባት ነጠላ ለማግኘት አንዱን እስር መፍታት እንዳለበት እጁ ራሱ ይነግረዋል፤ 5 አሥሮችና 2 አንዶች የነበሩት 4 አሥሮችና 12 አንዶች ሲሆኑ ጠቅላላው እንዳልተለወጠም በዓይኑ ያያል። እባክዎ እዚህ ላይ አይቸኩሉ፤ እስሩን እርስዎ ከፈቱለት ትምህርቱ የእርስዎ ሆኖ ይቀራል።

የሥነ ልቦና ሊቁ ጀሮም ብሩነር እ.ኤ.አ. በ1966 ባሳተመው ሥራው ሰው ዕውቀትን በድርጊት፣ በምስልና በምልክት እንደሚይዝ አስረድቷል። ስለሆነም እንጨቱን ሲለምደው እስሮቹን በመስመር፣ ነጠላዎቹን በነጥብ ይሣል፤ በአኃዝ መጻፉ ከዚያ ይቀጥላል። መልሱ ትክክል በሆነበት ቀንም ቢሆን «እንዴት አገኘኸው?» ብለው ይጠይቁት።