የዚንክ ኦክሳይድ ፒኮች ወደ ዝቅተኛ አንግል ሲሸሹ

ጥያቄ፦ የሁለተኛ ዲግሪ የኬሚስትሪ ተማሪ ነኝ። 3 በመቶ ኮባልት የጨመርኩበትን የዚንክ ኦክሳይድ ዱቄት በሌላ ዩኒቨርሲቲ በመዳብ ቱቦ በሚሠራ የኤክስሬይ ዲፍራክሽን መሣሪያ አስለክቼ፣ በ31.77 ዲግሪ መታየት የነበረበት ፒክ (የተበተነው ጨረር ጎልቶ የሚታይበት ጫፍ) በ31.62 ላይ ወጣ። ኮባልቱ ላቲሱን፣ ማለትም የአቶሞቹን መደበኛ አደራደር፣ አስፍቶታል ብዬ በመመረቂያ ጽሑፌ ላይ ላስፍር?

መልስ፦ አሁን በእጅዎ ባለው መረጃ ብቻ ይህን አይጻፉ። የ0.15 ዲግሪው ልዩነት ከላቲሱ የመጣ ነው ካልን፣ የፒኩን አንግል ከአቶም ንጣፎች ርቀት ጋር በሚያያይዘው በብራግ ሕግ ሲሰላ የአቶም ንጣፎቹ ርቀት 0.46 በመቶ ገደማ ጨምሯል ማለት ነው። በአራት ኦክስጅኖች የተከበበው የኮባልት አዮን ሬዲየስ ግን 0.58 አንግስትሮም፣ የዚንኩ ደግሞ 0.60 በመሆኑ፣ አነስ ያለው አዮን ላቲሱን ይህን ያህል አሰፋው ብሎ ፈታኞችን ማሳመን ይከብዳል። እኔ በመጀመሪያ የምጠረጥረው የናሙናውን ከፍታ ነው።

በተለመደው የጠፍጣፋ ናሙና አለካክ፣ የዱቄቱ ገጽ ከመያዣው ጠርዝ ዝቅ ካለ ፒኮቹ ሁሉ ወደ ዝቅተኛ አንግል ይሄዳሉ፤ ከፍ ካለም በተቃራኒው። የጎንዮሜትሩ (አንግሉን የሚለካው የመሣሪያው ክፍል) ሬዲየስ 200 ሚሊሜትር ከሆነ፣ የ0.1 ሚሊሜትር ዝቅታ ይህንን ፒክ 0.055 ዲግሪ ያህል ያንቀሳቅሰዋል፤ ስለዚህ የእርስዎን ልዩነት ለማምጣት 0.3 ሚሊሜትር የማይሞላ ጉድለት ይበቃል፣ ይህም ዱቄት ሲሞላ በዓይን የማይታወቅ ነው።

ሁለቱን ለመለየት የተላከልዎት ፋይል ራሱ ይረዳዎታል። በ56.60 ዲግሪ አካባቢ ያለውን ፒክ ይመልከቱ፤ ይህን የመረጥኩት እንደ መጀመሪያው ሁሉ በላቲሱ አንድ ጎን ላይ ብቻ የሚወሰን ስለሆነ ነው። ላቲሱ በእርግጥ ሰፍቶ ከሆነ እዚያ ያለው ልዩነት ወደ 0.28 ዲግሪ ያድጋል፣ ጥፋቱ የከፍታ ከሆነ ግን 0.14 ገደማ ይሆናል። የመሣሪያው ዜሮ ነጥብ ተዛንፎ ከሆነ ልዩነቱ በሁሉም ፒኮች 0.15 ሆኖ ይቀራል፤ ይህን ከከፍታው ጥፋት በሁለት ፒክ ብቻ መለየት ስለማይቻል ሰፋ ያለ የአንግል ክልል ያስፈልጋል።

ዳግመኛ ሲያስለኩ በናሙናው ውስጥ ፒኮቹ የት እንደሚወጡ በትክክል የታወቀ ጥቂት ማጣቀሻ ዱቄት ይቀላቅሉ። ብዙዎች ሲሊከንን ይመርጣሉ፤ ለዚንክ ኦክሳይድ ግን አልመክረውም፣ ምክንያቱም በ47.30 እና በ69.13 ያሉት የሲሊከን ፒኮች ከዚንክ ኦክሳይዱ 47.54 እና 69.10 ጋር ይደራረባሉ። ኮረንደም (የአሉሚኒየም ኦክሳይድ ዓይነት) የተሻለ ነው፤ በ25.58፣ በ43.35 እና በ52.55 ላይ ያሉት ፒኮቹ ለብቻቸው ጎልተው ይታያሉ። እነርሱ ከቦታቸው የሸሹትን ያህል የእርስዎንም ፒኮች ያርሙ። ኮባልት ያልገባበትንም ዱቄት በዚያው ቀን፣ በዚያው ዓይነት መያዣ ያስለኩ፤ ባለሙያውም ዱቄቱን በመስታወት ሳይጫን ከጠርዙ ጋር እንዲያስተካክለው ይጠይቁ፣ ሲጫን ቅንጣቶቹ ወደ አንድ አቅጣጫ ተኝተው የፒኮቹን ቁመት ያዛባሉና። ከእርማቱ በኋላም የሚቀር ልዩነት ካለ፣ ያን ጊዜ የላቲሱን መጠን ከሁሉም ፒኮች አስልተው ከነስህተት ወሰኑ ያቅርቡ።