የሰው ቅባት ለእኔስ ይሆነኛል? እና ሌሎች የቆዳ ጥያቄዎች

ሰሞኑን ከደረሱኝ ጥያቄዎች ሰባቱን መርጬ ቁጭ አልኩ። ሳነባቸው አንድ ነገር ተደጋገመብኝ። «ጓደኛዬ የምትቀባው»፣ «ለወንድሜ የታዘዘለት»፣ «እህቴ የተረፋትን ሰጥታኝ»። ከሰባቱ ሦስቱ የሰው ቅባት ተቀብተው የተጎዱ ናቸው። ስለዚህ ከነሱ ልጀምር።

ጥያቄ፦ ጓደኛዬ የምትቀባውን ክሬም ፊቴ ላይ መቀባት ከጀመርኩ አምስት ወር ሆነኝ። መጀመሪያ ፊቴ ጠራ፣ ብጉሩም ጠፋ። ያየኝ ሁሉ «ምን ተቀብተሽ ነው?» ይለኝ ነበር። አሁን ግን ሁለት ቀን ካቋረጥኩ ይቀላል፣ ያቃጥለኛል፣ ሽፍ ይልብኛል። ስቀባው ደግሞ ይተወኛል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ ቱቦውን አንሺና ጀርባውን አንብቢ። በደቃቁ ከተጻፈው መሐል ቤታሜታዞን፣ ክሎቤታዞል ወይም ሞሜታዞን የሚል ካገኘሽ የያዝሽው ስቴሮይድ የሚባለው፣ የቆዳን ቁጣ የሚያበርድ መድኃኒት ነው። ስቴሮይድ በራሱ መጥፎ መድኃኒት አይደለም። ሐኪም ለችፌ ልኩንና ቀኑን ወስኖ ሲያዘው ባለውለታ ነው። ያንቺ ችግር የተቀባሽበት ቦታና የቆየሽበት ጊዜ ነው።

ቆዳችን ሦስት ንብርብር አለው። ላይ ስስ ሽፋን አለ። ከሥሩ የደም ሥሮች፣ ነርቮች፣ የፀጉር ሥሮችና የላብ ዕጢዎች ያሉበት መካከለኛው ንብርብር አለ። ከታች ደግሞ ስብ ነው። ውፍረቱ ግን በየቦታው ይለያያል። የዓይን ቆብ ላይ ግማሽ ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፣ ውስጥ እግር ላይ እስከ 4 ሚሊ ሜትር ይደርሳል። ስስ ቆዳ የተቀባውን ይበልጥ ይመጥጣል። ለመዳፍ ልክ የሆነ ቅባት ፊት ላይ ሲሆን የሚበዛው ለዚህ ነው። ስቴሮይድ ሲቆይ ቆዳውን ያሳሳዋል፣ ደም ሥሮቹ ጎልተው እንዲታዩ ያደርጋል፣ መቅላቱንም አፍኖ ያቆየዋል። ስታቆሚ የታፈነው ሁሉ ይገነፍላል። «ስቀባው ይተወኛል» ያልሽው እንግዲህ መዳን አይደለም፣ መታፈን ነው።

ቱቦውን ይዘሽ የቆዳ ሐኪም ጋ ሂጂ። አንዳንዱን ሰው ወዲያው ያስቆሙታል፣ አንዳንዱን ወደ ቀለል ያለ እያወረዱ ያስተዉታል። እስከዚያው ፊትሽን ለብ ባለ ውሃ ታጠቢ፣ ሽታ የሌለው ተራ ማለስለሻ ተቀቢ፣ ከፀሐይም ተጠለይ። ከተተወ በኋላ የሚመጣው መቅላት ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ይቆያል። ይጨንቃል፣ አውቃለሁ። ግን ያልፋል። የምትቀቢው ምን እንደገባበት ያልተጻፈበት፣ በብልቃጥ የተቀዳ ፊት የሚያነጣ ቅባት ከሆነ ግን ለሐኪሙ ይህንንም ንገሪ። እንዲህ ባሉ ቅባቶች ውስጥ ሜርኩሪ ተገኝቶ ያውቃል። ሜርኩሪ በቆዳ በኩል ገብቶ ኩላሊት ይጎዳል።

ጥያቄ፦ ክንዴ ላይ ክብ፣ ጠርዙ የሚላላጥ ጭርት ወጣብኝ። ለወንድሜ ለችፌ የታዘዘለትን ቅባት ስቀባው ማሳከኩ ጠፋ፣ ክቡ ግን ሰፋ።

መልስ፦ ጭርት ፈንገስ ነው። የወንድምዎ ቅባት ስቴሮይድ ሳይሆን አይቀርም። ስቴሮይድ ሰውነት ፈንገሱን ሲዋጋ የሚፈጠረውን ማሳከክ ያበርዳል፣ ፈንገሱን ግን አይገድለውም። እንዲያውም ሜዳውን ይለቅለታል። ያንን ትተው እንደ ክሎትሪማዞል ያለ የፈንገስ ቅባት ይጠቀሙ። ከክቡ ጠርዝ ሁለት ሴንቲ ሜትር ያህል አልፈው ይቀቡ፣ ከጠፋም በኋላ አንድ ሁለት ሳምንት ይቀጥሉ። ራስ ቅል ላይ ወይም ጥፍር ላይ ከሆነ ግን ቅባት ብቻውን አይበቃም፣ የሚዋጥ መድኃኒት ያስፈልጋል።

ጥያቄ፦ ማድያት አለብኝ። እህቴ የተረፋትን ክሬም ሰጥታኝ ሁለት ዓመት ያህል ተቀባሁት። አሁን ጉንጬ ላይ ሰማያዊ የመሰለ ጥቁረት መጣ።

መልስ፦ ክሬሙ ሃይድሮኪኖን የሚባለው ጥቁረት የሚያጠፋ መድኃኒት ካለበት ያቁሙትና ሐኪም ይዩ። ሃይድሮኪኖን ለማድያት ይታዘዛል፣ ነገር ግን ለጥቂት ወራት ብቻ ነው። ለዓመታት ሲቀቡት ሊያጠፋው የመጣውን ጥቁረት ይብሱን ያመጣል፣ ያም ቶሎ አይለቅም። ሌላው ነገር ፀሐይ ነው። ፀሐይ ካልተከለሉ ምንም ክሬም ማድያትን አይረታም። ጠቆር ያለ ቆዳ ሜላኒኑ፣ ማለትም የቆዳው ቀለም፣ የተወሰነ ጥላ ይሰጠዋል፣ ግን አይበቃውም። ማድያትን የሚያባብሰው በዓይን የሚታየው ብርሃን ጭምር ስለሆነ፣ ቀለም ያለውና አይረን ኦክሳይድ የገባበት የፀሐይ መከላከያ ይምረጡ። የመከላከል ቁጥሩ (SPF) 30 ይበቃል፣ ቆዳ ከሚያቃጥለው ጨረር 97 በመቶውን ያህል ይይዛል። ውጭ ከዋሉ በየሁለት ሰዓቱ ይድገሙት።

ጥያቄ፦ ሌሊት ሌሊት ያሳክከናል። መጀመሪያ ልጄን ነበር፣ ከዚያ እኔን። ሁለታችንም መድኃኒት ተቀባን፣ ግን ተመልሶ መጣ። ባለቤቴ ምንም የለበትም።

መልስ፦ የልጅዎን እጅ ወደ ብርሃን ያውጡና ጣቶቹን ፈልቀቅ አድርገው ይዩ። በጣቶቹ መሐል ወይም አንጓው ላይ ከፀጉር ክር የማትወፍር፣ ጠምዘዝ ያለች፣ ጥቂት ሚሊ ሜትር የምትረዝም መስመር ካገኙ እከክ ነው። ግማሽ ሚሊ ሜትር እንኳ የማትሞላ ተባይ ላይኛው ቆዳ ውስጥ መንገድ ቆፍራ እንቁላሏን የምትጥልበት ነው። የሚያሳክከው ሰውነት በተባዩዋ፣ በእንቁላሏና በኩሷ ስለሚቆጣ ነው። ቁጣው ደግሞ መጀመሪያ ለተያዘ ሰው ከ3 እስከ 6 ሳምንት ዘግይቶ ይመጣል።

ባለቤትዎን እንግዲህ እዚህ ላይ ያስቡ። አያሳክከውም ማለት የለበትም ማለት አይደለም። እናንተ ትድናላችሁ፣ ተባዩዋ ከሱ ተመልሳ ትመጣለች። ቤት ውስጥ ያለ ሁሉ በአንድ ሌሊት መቀባት አለበት። 5 በመቶ ፐርሜትሪን የሚባለውን የእከክ ቅባት ከአንገት በታች፣ በጣቶች መሐልና ጥፍር ሥር ሳይቀር ይቀባሉ፣ አድረው ይታጠባሉ፣ ከሳምንት በኋላ ይደግማሉ። ለሕፃንና ለነፍሰ ጡር አቀባቡን ሐኪም ይንገራችሁ። በዚያው ቀን ልብሱና አንሶላው በ60 ዲግሪ ውሃ ይታጠብ። የማይታጠበውን ፌስታል ውስጥ አስራችሁ ለሳምንት አስቀምጡት። ተባዩዋ ከሞተችም በኋላ ማሳከኩ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ሊቆይ ይችላል፣ በዚህ ደንግጠው መድኃኒቱን ደጋግመው አይቀቡ። ደግሞም አይሸማቀቁ። እከክ ገላውን በየቀኑ የሚታጠብንም ሰው ይይዛል።

ጥያቄ፦ የ9 ዓመት ልጄ አፉ አጠገብና ጉልበቱ ላይ ለምጽ ወጣበት። የክፍሉ ልጆች አብረውት መቀመጥ ፈሩ። ይተላለፋል?

መልስ፦ አይተላለፍም። በመንካት አይተላለፍም፣ አብሮ በመብላት አይተላለፍም፣ በአንድ ፎጣ አይተላለፍም። የሰውነት መከላከያ ቀለም የሚሠሩትን ሴሎች በስህተት እያጠቃቸው ነው፣ ሌላ ነገር የለም። በድሮ ጽሑፎች ለምጽ የሚለው ቃል ለሥጋ ደዌም ያገለግል ነበርና ፍርሃቱ ከዚያ የተወረሰ ይመስለኛል። ሁለቱ ግን ለየቅል ናቸው። የሥጋ ደዌ ምልክት ቦታው ይደነዝዛል፣ ለምጽ ያለበት ቆዳ ግን እንደ ሌላው ቆዳ ሁሉ ይሰማዋል። ቋቁቻም ሊመስል ስለሚችል ሐኪም ይለየው። ቶሎ ከተጀመረ በቅባትና በብርሃን ሕክምና ቀለሙ የሚመለስላቸው አሉ፣ በተለይ ፊት ላይ። ግን ከቅባቱ በፊት መምህሩ ጋ ይሂዱ። ይህንን መልስ ያንብቡለት፣ እሱም ለክፍሉ ይንገርልዎ። ልጅዎ ነገ ብቻውን መቀመጥ የለበትም።

ጥያቄ፦ ውሃ ውስጥ ስንቆይ ጣታችን የሚጨማደደው ውሃ ስለሚገባበት ነው?

መልስ፦ ብዙ ሰው እንደዚያ ይላል። ግን ነርቩ የተቆረጠ ጣት ውሃ ውስጥ ቢቆይም አይጨማደድም። ነርቮች ከቆዳው ሥር ያሉትን ደም ሥሮች ሲያጠቧቸው ቆዳው ወደ ውስጥ ይሳባል። ያን ጊዜ ነው የሚጨማደደው።

ጥያቄ፦ የእግሬ አውራ ጣት ጥፍር ላይ ቡናማ መስመር አለ። ኳስ ስጫወት የተመታሁት ይመስለኛል። ልተወው?

መልስ፦ አትተወው። ጠቆር ባለ ሰው ብዙ ጥፍሮች ላይ ቡናማ መስመር መኖሩ የተለመደና ጉዳት የሌለው ነው። የሚያሳስበኝ አንድ ጥፍር ላይ ብቻ ሲሆን፣ እየሰፋ ሲሄድ፣ ወይም ጥቁረቱ ወደ ጥፍሩ ዙሪያ ቆዳ ሲያልፍ ነው። ቦብ ማርሌ በእ.ኤ.አ. 1977 የእግሩ ጣት ጥፍር ሥር የነበረው ቁስል የኳስ ጉዳት ነው ተብሎ ነበር። ሜላኖማ የሚባለው የቆዳ ካንሰር ሆኖ ተገኘ፣ በ1981 በ36 ዓመቱ ሞተ። ጠቆር ያለ ቆዳ ላይ ይህ ካንሰር ብዙ አይታይም። ሲመጣ ግን ውስጥ እግር፣ መዳፍና ጥፍር ሥር ስለሚደበቅ ዘግይቶ ይገኛል። ከጥፍር ሥር የረጋ ደም ከሆነ ጥፍሩ ሲያድግ አብሮ ወደ ፊት ይሄዳል። ዛሬ በስልክህ ፎቶ አንሳው፣ ቀኑን ጻፍበት። ፎቶውን ይዘህ በዚህ ሳምንት ሐኪም ጋ ሂድ።