የሕግ ምክር፦ የእሳት አደጋ ሠራተኛ ነኝ፤ የሚገባኝን ክፍያ ከስሼ ማግኘት እችላለሁ?

ጥያቄ፦

ጤና ይስጥልኝ ጠበቃ። በምሥራቅ ጎጃም በአንዲት ከተማ አስተዳደር ሥር በእሳት አደጋ ሠራተኛነት ተቀጥሬ ዘጠነኛ ዓመቴን ይዣለሁ። 24 ሰዓት ገብተን 48 ሰዓት እናርፋለን። ለትርፍ ሰዓት ተከፍሎን አያውቅም። ስንጠይቅ «ካልተጠራችሁ ተኝታችሁ አይደል የምታድሩት» ይሉናል። ደመወዜ መዝገብ ቤት ከሚሠራ ሰው እኩል ነው። የአደጋ አበል የሚባል ነገርም የለንም። ሆስፒታል ያሉት እንኳ ዱቲ (የተረኝነት ክፍያ) ይታሰብላቸዋል። ባለፈው የካቲት ሱቆች ሲቃጠሉ አንድ ባልደረባችን እጁ ተቃጥሎ ሁለት ወር ቤት ዋለ፤ የታከመው በራሱ ገንዘብ ነው። ደህና ጓንት አልነበረውም። ቡሬ በሚገኝ ፋብሪካ በዚሁ ሙያ የተቀጠረ ታናሽ ወንድም አለኝ። ከእኔ የተሻለ ያገኛል፤ የሌሊቱ ሰዓት ግን በትክክል አይታሰብለትም። ከሰን የሚገባንን ማስከፈል እንችላለን? ካልሆነ ደግሞ ሥራ ብናቆም ምን ይመጣብናል?

መልስ፦

ወንድሜ፣ ደስ የማይለውን ላስቀድምና ልገላገል። «ሥራዬ አደገኛ ስለሆነ ደመወዜ ይጨመርልኝ» ብለው ክስ ቢያቀርቡ አያሸንፉም። ፍርድ ቤት ደመወዝ አይተምንም። የመንግሥት ሠራተኛ ደመወዝ በስኬል የተቀመጠ ነው፤ ስኬሉን የሚያጸድቀውም መንግሥት ነው። ዳኛው ቢያዝንልዎት እንኳ የሚይዘው አንቀጽ የለውም። የጠቀሱት የሆስፒታል ዱቲም ከፍርድ ቤት የመጣ አይደለም። የጤና ባለሙያዎች ለዓመታት ጠይቀውና ተሟግተው፣ በመንግሥት መመሪያ የተፈቀደላቸው ነው።

ይሁን እንጂ ደብዳቤዎን ደግሜ ሳነበው፣ ተመጣጣኝ ክፍያ በሚለው አንድ ቅሬታ ሥር በሕግ የተጻፉ መብቶች ተቀላቅለው አገኘኋቸው። እነሱ ላይ መክሰስም ማሸነፍም ይቻላል። ለየብቻ እናውጣቸው።

ከደመወዙ ልነሳ። የአደጋው ዋጋ መታየት ያለበት የሥራ መደብዎ ደረጃ ሲወጣ ነው። ሠራተኛው ሁሉ ጄኢጂ የሚለውን የሥራ ምዘናና ደረጃ አወጣጥ ያስታውሳሉ። ለእያንዳንዱ መደብ የሥራ መዘርዝር ተሞልቷል። ቅጹ ላይ ስለ ተጠያቂነት፣ ስለ ሥራ ግንኙነት፣ ስለ አዕምሮ፣ ስለ ሥነ ልቦና፣ ስለ ዕይታና ስለ አካል ጥረት የሚጠይቁ ቦታዎች አሉ። ወደ መጨረሻው «ሥጋትና አደጋ» የሚል ቦታም አለ። እዚያ የተጻፈው ነጥብ ያመጣል። ነጥቡ ደረጃውን፣ ደረጃው ደግሞ ደመወዙን ይወስናል። ስለዚህ የሥራዎ አደገኛነት ከደመወዝዎ ውጭ የቀረ አዲስ ጥያቄ ሳይሆን፣ ገና ከመጀመሪያው መመዘን የነበረበት ነገር ነው።

እኔ የምጠይቀው ያንን ቅጽ ማን ሞላው የሚለውን ነው። ብዙ ጊዜ የሚሞላው ጭስ ውስጥ ገብቶ የማያውቅ ሰው ነው። «አደጋ ሲከሰት በቦታው ተገኝቶ እሳት ያጠፋል» ብሎ በአንድ መስመር ያልፈዋል። ይህን ያነበበ ገምጋሚ ነጥብ ከየት አምጥቶ ይስጥ? ስለዚህ የመደብዎን የሥራ መዘርዝር ግልባጭ ከሰው ሀብት ክፍል በጽሑፍ ይጠይቁ። ከዚያ ከባልደረቦችዎ ጋር ቁጭ ብለው የምትሠሩትን እንደ ባለሙያ ጻፉት። ከዓባይ በረሃ የሚወጣ የነዳጅ ቦቴ ቢገለበጥና ቢነድ ውኃ መርጨት እሳቱን ያሰፋዋል፤ ፎም (እሳት የሚያፍን አረፋ) ያስፈልገዋል። መብራት ያልተቋረጠበት ቤት ላይ ውኃ መልቀቅ ራስን መግደል ነው። የጭድ ክምር ከላይ የጠፋ መስሎ ከውስጥ ፍም ይዞ ያድራል። ይህን የሚያውቅ ሰው ሙያተኛ ነው። የፓምፕ ግፊት ማስተካከሉን፣ ሰው ማውጣቱን፣ የመጀመሪያ እርዳታውን፣ የሞተ ሰው ተሸክሞ ወጥቶ በማግሥቱ ፈረቃ መግባቱን ሳይቀር አስፍሩት። የሥነ ልቦና ጥረት የሚለው ቦታ የተተወው ለዚህ ነው።

የመንግሥት ሠራተኛ ሕግ እኩል ዋጋ ላላቸው መደቦች እኩል መነሻ ደመወዝ ይላል። ስለዚህ ማመልከቻዎ «ደመወዝ ይጨመርልኝ» አይበል። «መደቡ ሲመዘን እነዚህ ነገሮች አልታዩም፤ በድጋሚ ይመዘን» ይበል። የሚቀርበውም ለመሥሪያ ቤትዎ ነው፤ ግልባጩ ለሲቪል ሰርቪስ ጽሕፈት ቤት ይድረስ። መልሱ ከክልል፣ ማለትም ከባሕር ዳር፣ ሊጠበቅ ስለሚችል ይዘገያል። ሁላችሁም በአንድነት ፈርሙበት። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 42 የመደራጀት መብት ያወቀው እንዲህ ላለው ጉዳይ ጭምር ነው።

አንዳንድ ሠራተኞች «ደረጃው ይቅር፣ አበል ብቻ ይሰጠን» ሲሉ እሰማለሁ። አበል ቶሎ ስለሚገኝ አልፈርድባቸውም። ግን እርሳስ አንሥተን እናስላ። በአዋጅ ቁጥር 1267/2014 መሠረት በሥራ ላይ በደረሰ ጉዳት ከሥራ የተሰናበተ፣ እኛ ቦርድ ወጣ የምንለው ሰው፣ የሚያገኘው የጉዳት ጡረታ ከመደበኛ ደመወዙ 47 በመቶ ነው። አበል አይቆጠርም። አንዱ ሠራተኛ 8,000 ብር ደመወዝና 2,000 ብር አበል አለው እንበል። ሌላው 10,000 ብር ደመወዝ ብቻ አለው። ወር ሲደርስ እኩል ይቀበላሉ። ሁለቱም ቦርድ ቢወጡ ግን የመጀመሪያው 3,760 ብር፣ ሁለተኛው 4,700 ብር ያገኛሉ። 940 ብሩ በየወሩ፣ እስከ ዕድሜ ልክ የሚቀር ነው። የዕድሜ ጡረታም የሚሰላው በመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት አማካይ ደመወዝ ነው። የደመወዝ ማሻሻያም ደረጃን ተከትሎ ነው የሚመጣው። በ2017 ዝቅተኛው መነሻ ከ1,100 ወደ 4,760 ብር፣ በመስከረም 2018 ደግሞ ወደ 6,000 ብር ከፍ ሲል፣ ታች ደረጃ ላይ የተቀመጠ መደብ ታች እንደሆነ ነው የቀጠለው።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልጨምር። በጡረታ ሕጉ ከ10 ዓመት በላይ ላለው ለእያንዳንዱ የአገልግሎት ዓመት ለሲቪል ሠራተኛ 1.25 በመቶ፣ ለመከላከያና ለፖሊስ አባል 1.65 በመቶ ይታሰባል። እርስዎ የሚቆጠሩት ከሲቪሉ ጋር ነው። ለእኔ ይህ ልክ አይደለም። ግን የሚለውጠው ሕግ አውጪ እንጂ ጠበቃ አይደለም።

አሁን ወደ ሰዓቱ። ጠንካራው ጉዳይዎ ይሄ ነው። የመንግሥት መሥሪያ ቤት መደበኛ ሰዓት በሳምንት 39 ነው። ከሰኞ እስከ ሐሙስ ስምንት ስምንት፣ ዓርብ ሰባት። 24 ገብቶ 48 የሚያርፍ ሰው በአማካይ በሳምንት 56 ሰዓት ይሠራል። 17 ሰዓቱ ትርፍ ነው። ለትርፍ ሰዓት እንደ ሠራተኛው ምርጫ የማካካሻ ዕረፍት ወይም ክፍያ ይሰጣል። መሥሪያ ቤቱ «48 ሰዓቱ ዕረፍት ማካካሻ ነው» ብሎ ይከራከራል፤ ይዘጋጁበት። መልሱ የሂሳብ ነው፦ 56ቱ የመጣው ዕረፍቱ ከታሰበ በኋላ ነው።

«ተኝታችሁ ነው የምታድሩት» የሚለውስ? ይህን ክርክር አልወደውም። ተረኛው ቤቱ ሄዶ ከሚስቱና ከልጆቹ ጋር ማደር ይችላል? አይችልም። ደወል ሲደወል በስንት ደቂቃ መውጣት አለበት? የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሥራ ሰዓት ሲል ሥራው የሚሠራበትን ብቻ ሳይሆን ሠራተኛው ለሥራ ዝግጁ ሆኖ የሚገኝበትንም ጊዜ ይጨምራል። አዋጁ በቀጥታ እርስዎን አይገዛም፤ የመንግሥት ሠራተኛ ነዎት። ግን የሥራ ሰዓት ምንድን ነው የሚለውን ለማስረዳት ጥሩ ድጋፍ ነው፤ እኔ ብሆን እጠቅሰዋለሁ።

ይህ ሁሉ የሚቆመው በማስረጃ ነው። የተፈረመበት የፈረቃ ፕሮግራም፣ የጥሪ መዝገብ፣ በኃላፊ የተሰጠ ትእዛዝ። በቃል የተባለ ብዙ ነገር አላችሁ፤ በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል። የፈረቃ ፕሮግራሙ ግድግዳ ላይ ሲለጠፍ በስልክዎ ፎቶ ያንሱት። ከዚያ ቅሬታውን ለመሥሪያ ቤቱ ቅሬታ አጣሪ ኮሚቴ ያቅርቡ። ውሳኔው ካላረካዎት ይግባኙ ለመንግሥት ሠራተኞች አስተዳደር ፍርድ ቤት ነው። በቀጥታ ወረዳ ፍርድ ቤት ቢሄዱ «ሥልጣን የለኝም» ተብለው ይመለሳሉ። የቅሬታና የይግባኝ ጊዜ በቀናት የሚቆጠር አጭር ጊዜ ነው። መሥሪያ ቤቱ በጽሑፍ «አይከፈልም» ያለበት ቀን ላይ ቆጠራው ይጀምራል ብለው ያስቡ።

የባልደረባዎ ጉዳይ ከሁሉም ቀላሉ ነው፤ ስለዚህም ነው የሚያናድደው። በሥራ ላይ የተጎዳ የመንግሥት ሠራተኛ የሕክምና ወጪ የሚሸፈነው በመሥሪያ ቤቱ ነው። እስኪድን ድረስም ሙሉ ደመወዝ የሚከፈልበት የጉዳት ፈቃድ አለው። ሁለቱ ወር ከዓመት ፈቃዱ ተቀንሶ ከሆነ ይመለስለት። ደረሰኞቹንና የሐኪም ማስረጃውን ይሰብስብ፤ የዚያን ቀን የጥሪ መዝገብም ይያዝ። እጁ ላይ የቀረ ጉዳት ካለ በሕክምና ቦርድ በመቶኛ እንዲገለጽለት ይጠይቅ። ሥራውን ቢቀጥልም የጉዳት ዳረጎት፣ ማለትም አንድ ጊዜ የሚከፈል ገንዘብ፣ ሊኖረው ይችላል። ጓንት ስላልነበረው ጥፋቱ የእሱ ነው እንዳይሉት፤ መከላከያ ማቅረብ የአሠሪው ግዴታ ነው። ከእንግዲህ በየፈረቃው መግቢያ የጎደለውን መሣሪያ፣ ሄልሜትም ሆነ ጫማ ወይም የመተንፈሻ ሲሊንደር፣ መዝገብ ላይ ጽፋችሁ ፈርሙ።

የጭሱን ነገርም ቸል አትበሉ። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም በ2022 እ.ኤ.አ. የእሳት አደጋ ሠራተኝነትን ካንሰር አምጪነታቸው ከተረጋገጠ የሥራ ተጋላጭነቶች ምድብ ውስጥ አስገብቶታል። ሕመሙ ከዓመታት በኋላ ሲመጣ ከሥራው ጋር የሚያገናኘው ማስረጃ ያ መዝገብ ነው። የትኛው ቃጠሎ ላይ እንደነበራችሁ፣ ምን እንደተቃጠለ፣ ጎማም ይሁን ፕላስቲክ ወይም ነዳጅ፣ የራሳችሁ ማስታወሻ ይኑራችሁ።

ቡሬ ያለው ወንድምዎ ሕጉ ሌላ ነው። እሱን አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ይገዛዋል። መደበኛው በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት ነው። ትርፉ በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት መብለጥ የለበትም። የሰዓት ደመወዙ 40 ብር ነው እንበል። ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ለሚሠራው ትርፍ በ1.5 ተባዝቶ 60 ብር ይደርሰዋል። ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት በ1.75 ሲባዛ 70 ብር ነው። በሳምንት ዕረፍት ቀኑ 80፣ በሕዝብ በዓል 100 ብር። በዚህ ልክ ካልተከፈለው የሥራ ክርክር ችሎት መክሰስ ይችላል። ቸል የማይባለው ግን የይርጋው፣ ማለትም የመክሰሻው ጊዜ ገደብ፣ ጉዳይ ነው። የደመወዝና የትርፍ ሰዓት ጥያቄ መከፈል ከነበረበት ቀን ጀምሮ በ6 ወር ውስጥ ካልቀረበ ይቀራል። «ከአለቃዬ ጋር ተስማምቼ እጨርሰዋለሁ» እያለ በጠበቀ ቁጥር ከኋላ አንድ አንድ ወር እየተቆረጠ ይሄዳል። አሠሪው ዕዳውን በጽሑፍ ካመነ ግን ይርጋው ይቋረጣል፤ ቢያንስ ያችን ወረቀት ያስፈርም።

ሥራ ማቆምን አልመክርም፤ በፍጹም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ የእሳት አደጋ አገልግሎትን እንደ መብራትና ሆስፒታል እጅግ አስፈላጊ ከሆኑ የሕዝብ አገልግሎቶች ይቆጥረዋል። እዚያ ሥራ ማቆም የተከለከለ ነው። እናንተ በዚያ አዋጅ ሥር ባትሆኑም ፈረቃ ጥሎ መውጣት በዲሲፕሊን ያስከስሳል፣ ከሥራም ሊያሰናብት ይችላል። በዚያች ሌሊት ቤት ተቃጥሎ ሰው ቢሞት ነገሩ ወደ ወንጀል ይዞራል። ያን ጊዜ ስለ 17ቱ ሰዓት የሚሰማችሁ አይኖርም።

የጠበቃ ክፍያ ከከበዳችሁ የደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል። ስትሄዱ የቅጥር ደብዳቤ፣ የሥራ መዘርዝር፣ የቅርብ ወራት የደመወዝ መክፈያና የፈረቃ ፕሮግራም ይዛችሁ ሂዱ። ባልደረባዎ የሕክምና ደረሰኞቹን ይጨምር። እኔ ብሆን የእሱን አቤቱታ አስቀድሜ አስገባለሁ፤ የትርፍ ሰዓቱን ቀጥዬ፣ የደረጃውን መጨረሻ።