በአንድ የኋላ እግር ለቀረ ውሻ የዳሌ ቀዶ ሕክምና ይደረግለት?

ጥያቄ፦ ሰንዳፋ አካባቢ የወተት ላሞችና በጎች አረባለሁ። ግቢውን የሚጠብቅልኝ የጀርመን ሼፐርድ ድቅል ውሻ አለኝ፤ ወንድ ነው፣ ዕድሜው 6 ዓመት፣ ክብደቱ 34 ኪሎ። ከሁለት ዓመት በፊት መኪና ገጭቶት የግራ የኋላ እግሩ ከላይ ተቆረጠ። ከዚያ ወዲህ በሦስት እግሩ እንደ ልቡ ይሮጥ ነበር። ካለፈው ክረምት ጀምሮ ግን ጠዋት ሲነሣ ይቸገራል፣ ትንሽ ሄዶ ይቀመጣል፣ የቀኝ ዳሌውን ስነካው ያጉረመርማል። ያየው ባለሙያ በእጁ ነካክቶ «ዳሌው ተበላሽቷል፣ ቀዶ ሕክምና ያስፈልገዋል» አለኝ። እንዲህ ያለ ውሻ ይህን ይችለዋል? ላሠራለት ወይስ ልተወው?

መልስ፦ ሊችለው ይችላል፤ አሁን ግን አይቸኩሉ። ራጅ ሳይነሣ በእጅ ብቻ ታይቶ ዳሌ አይቀደድም። ራጁ ዳሌው መጎዳቱን ቢያሳይም እንኳ እንዲህ ቀስ በቀስ ለመጣ ሕመም መጀመሪያ የ8 ሳምንት ሕክምና ይሞከራል። እርስዎ የጻፉልን ምልክት ለወራት እየባሰ የመጣ ስለሆነ ጊዜ አለዎት።

ጊዜ የማይሰጠው ሌላ ነው። ውሻው ትናንት ደህና ውሎ ዛሬ በድንገት እግሩን መርገጥ ካቃተው፣ በተለይ ወድቆ ወይም ተመትቶ ከሆነ፣ ዳሌው ወልቆ ወይም አጥንቱ ተሰብሮ ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ ይድረስ። የወለቀ ዳሌ ያለ ቀዶ ሕክምና በማደንዘዣ ሊመለስ የሚችለው በተለይ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ቀናት ነው፤ ሲዘገይ ጡንቻው ይኮማተራል፣ የጭን አጥንቱ ራስ የሚገባበት ጎድጓዳም በደምና በጠባሳ ይሞላል። አራት እግር ያለው ውሻ ዳሌው ከተመለሰ በኋላ እግሩ በፋሻ ወደ ሆዱ ታጥፎ ከ10 እስከ 14 ቀን ይታሰራል። የእርስዎ ውሻ ግን ያ እግሩ ከታሰረ በምን ይቆማል? ስለዚህ እንዲህ ላለው ውሻ ዳሌው ተከፍቶ ተመልሶ በጠንካራ ክር ወይም በማሰሪያ ፒን መያዙ ይመረጣል። ወጌሻ ጎትቶ እንዲመልሰው ግን በፍጹም አይፍቀዱ፤ ያለ ማደንዘዣ ሲጎተት የጎድጓዳው ጠርዝ ሊሰበር፣ ከዳሌው በስተኋላ የሚያልፈው ትልቁ የእግር ነርቭም ሊጎዳ ይችላል። ያ ነርቭ ከተጎዳ የቀረችው አንድ እግር አበቃላት።

ወደ እርስዎ ውሻ እንመለስ። ጤነኛ ውሻ ሲቆም ከክብደቱ 60 በመቶ ያህሉ በፊት እግሮቹ፣ 40 በመቶው በኋላ እግሮቹ ላይ ያርፋል። አንድ የኋላ እግር እንግዲህ ድርሻው 20 በመቶ ገደማ ነው። አንደኛው ሲቆረጥ ውሻው ደረቱን ወደፊት ሰጥቶ የተወሰነውን ሸክም ለፊት እግሮቹ ያስተላልፋል፣ የቀረውን ግን ያችው አንዷ የኋላ እግር ትሸከማለች። ሚዛን ለመጠበቅም እግሩን ወደ መሐል አስገብቶ ስለሚቆም ጭኑ ወደ ውስጥ ያዘነብላል፤ ይህ ደግሞ የጭን አጥንቱን ራስ ከጎድጓዳው ወደ ውጭ ይገፋዋል። በዚህ ላይ ጀርመን ሼፐርድ በዘሩ የዳሌው ጎድጓዳ ጥልቀት የሌለው፣ መገጣጠሚያው የላላ ሆኖ የማደግ ዕድሉ ከፍ ያለ ነው። (እግር ለማስቆረጥ የሚያስቡ ሌሎች አንባቢዎች ይህን ልብ ይበሉ፦ የሚቀረው እግር ዳሌና ጉልበት፣ ሌላው እግር ከመቆረጡ በፊት ራጅ መነሣት አለበት።)

ይሁን እንጂ ዳሌው ተበላሸ ማለት ሕመሙ ከዳሌው መጣ ማለት አይደለም። በራጅ ዳሌው ክፉኛ ተበልቶ የሚታይ ውሻ ያለ ችግር ሲሮጥ ይገኛል፤ «የዳሌ ሕመም» ተብሎ የመጣውም ሲመረመር ጉልበቱ ውስጥ ያለው ጅማት ተበጥሶ ይገኛል። በትልልቅ ውሾች ላይ የኋላ እግር ማንከስ ዋነኛው ምክንያት ይኸው ጅማት ነው። ቤት ሆነው ሊያዩት የሚችሉት ነገር አለ። ሲቀመጥ ጉልበቱን አጥፎ እግሩን ከሥሩ መሰብሰብ ትቶ ወደ ጎን ዘርግቶ ከተቀመጠ፣ የጉልበቱም የውስጥ ጎን ጠንከር ብሎ ካበጠ ጉልበቱን ይጠርጥሩ። ቀጥሎ አንድ ሰው ሆዱን ደግፎ ይዞት እርስዎ የኋላ መዳፉን ገልብጠው ጀርባውን መሬት ያስነኩት፤ ጤነኛ ውሻ ወዲያው ይመልሰዋል። ተገልብጦ ከቆየ ወይም ሲራመድ ጥፍሩ መሬቱን እየፋቀ ካለቀ ችግሩ የነርቭ ወይም የወገብ አከርካሪ ነው፤ ያኔ ዳሌውን መቅደድ ምንም አይጠቅምም።

ይህን ሁሉ ከማድረግዎ በፊት አንድ ነገር። ውሻው የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት በዓመቱ ያልተከተበ ከሆነና ከእግሩ ድካም ጋር ጠባዩ ከተለወጠ፣ ለሃጩ ከበዛ፣ መዋጥ ካቃተው ወይም ድምፁ ከተቀየረ አይንኩት። በሽታው አንዳንዴ ያለ ምንም ቁጣ ከኋላ እግር ሽባነት ይጀምራል። ለይተው ዘግተው ለወረዳው የእንስሳት ጤና ባለሙያ ያሳውቁ።

ለራጁና ለአጥንት ሕክምናው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምናና ግብርና ኮሌጅ ቢሾፍቱ የማስተማሪያ ሆስፒታል አለው፤ አዲስ አበባም የግል ክሊኒኮች አሉ። መኪና ከመከራየትዎ በፊት ደውለው የራጅ ማሽኑ መሥራቱንና የአጥንት ቀዶ ሕክምና የሚሠራ ሐኪም መኖሩን ያረጋግጡ። ራጁ የሚነሣው ውሻው በማደንዘዣ ተኝቶ፣ በጀርባው ተንጋሎ፣ እግሩ ቀጥ ብሎ ተዘርግቶ ነው። ነቅቶ እየታገለ የተነሣ ራጅ ዳሌው ጠምዞ ስለሚወጣ ጥሩውን መጥፎ፣ መጥፎውን ጥሩ ያስመስላል። በዚያው ማደንዘዣ ጉልበቱና ወገቡም ይነሣ፤ ሐኪሙ የዳሌውን ልልነትና የጉልበቱን ጅማት በእጁ የሚፈትሸውም ጡንቻው በላላበት በዚያው ሰዓት ነው። የጉበትና የኩላሊት የደም ምርመራም አብሮ ይደረግለት፣ ለመድኃኒቱ ያስፈልጋል።

አሁን ወደ 8 ሳምንቱ። ከሁሉም የሚበልጠው ክብደት ነው። የጎን አጥንቶቹን በመዳፍዎ ሲዳስሱ ሳይጫኑ መቆጠር አለባቸው፣ ከላይ ሲያዩት ወገቡ መስረግ አለበት። ባለ አራት እግር ውሻ ትንሽ ቢወፍር ይሸከመዋል፤ ይህ አይሸከምም። መገጣጠሚያቸውን የሚያማቸው ወፍራም ውሾች ከክብደታቸው 6 በመቶ ያህል ሲቀንሱ ማንከሳቸው በግልጽ ይሻላል። ለ34 ኪሎ ውሻ ይህ 2 ኪሎ ብቻ ነው። ዳሰሳው ወፍራም መሆኑን ካሳየ 30 ኪሎ ላይ ለማድረስ ያቅዱ። የሥጋ ቤት ጮማና የወጥ ቅባት ያቁሙ፤ ከሚበላው መጠን አንድ አምስተኛውን ቀንሰው ቀይ ሥጋ፣ የተቀቀለ እንቁላልና ጥቂት እንጀራ ወይም ሩዝ፣ ለሆዱ መሙያ የተቀቀለ ዱባ ወይም ካሮት ይስጡት፤ ሽንኩርት ያለበት ነገር አይቅመስ። ጡንቻው እንዳይሟሽሽ ሥጋውን አይቀንሱ። በየ15 ቀኑ እህል ነጋዴ ዘንድ ባለው የወለል ሚዛን ይመዝኑት፤ በሳምንት ከ350 እስከ 650 ግራም ቢቀንስ ልክ ነው።

ማስታገሻውን ሐኪሙ ያዝዝልዎታል፤ ልኩን ግን ይወቁት። ሜሎክሲካም በመጀመሪያው ቀን በኪሎ 0.2 ሚሊግራም፣ ከዚያ በቀን አንዴ በኪሎ 0.1 ሚሊግራም ከምግብ ጋር ይሰጣል። ለእርስዎ ውሻ በቀን 3.4 ሚሊግራም ማለት ነው። የሰው ፋርማሲ የሚሸጠው ባለ 15 ሚሊግራም ኪኒን ከዚህ ከአራት እጥፍ በላይ ስለሆነ «ግማሹን ልስጠው» ብለው አይጀምሩ። ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ለውሻ መርዝ ናቸው፤ ጨጓራን ያቆስላሉ፣ ኩላሊት ይገድላሉ። ሌላው ተደጋጋሚ ስሕተት ሜሎክሲካም እየወሰደ ያለ ውሻ ሌላ ቦታ ሄዶ ዴክሳሜታዞን (የስቴሮይድ መድኃኒት) መወጋቱ ነው፤ ሁለቱ አንድ ላይ ሲሆኑ ጨጓራ ሊበሳ ይችላል። ካስታወከ፣ ምግብ ካቆመ ወይም ሰገራው እንደ ሬንጅ ከጠቆረ መድኃኒቱን በዚያው ቀን ያቁሙና ይደውሉ። ሜሎክሲካም ብቻውን ካልበቃ ሐኪሙ ጋባፔንቲን ሊጨምር ይችላል፤ ውሻውን ስለሚያንገዳግደው የመጀመሪያውን ለማታ ያድርጉት። ለሰው የተዘጋጀውን ሽሮፕ ግን አይጠቀሙ፤ ለውሻ አደገኛ የሆነ ማጣፈጫ ሊኖርበት ይችላል።

እንቅስቃሴው በገመድ ተይዞ፣ በለስላሳ ሜዳ፣ በቀን አራት ጊዜ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ይሁን። ሙሉ ቀን ታስሮ መዋል ጡንቻውን ያሟሽሻል፣ እንደ ልብ መሮጥ ደግሞ መገጣጠሚያውን ያቃጥለዋል። ከፒክአፕ ላይ መዝለል፣ ከአጥር ሥር ከሌሎች ውሾች ጋር መተናነቅ ይቅር። የላሞቹ በረት ሲሚንቶ ሲረጥብ ለዚህ ውሻ ትልቁ ጠላት ነውና በሚመላለስበት መስመር ጆንያ ወይም አሮጌ ምንጣፍ ያንጥፉ። የሰንዳፋ ሌሊት ብርዳም ስለሆነ መኝታው ከመሬት ከፍ ብሎ ወፍራም ጭድ ይኑረው፤ ጥፍሩንም በየወሩ ይቁረጡለት።

ከ8 ሳምንት በኋላ ያለ እርዳታ ተነሥቶ ሩብ ሰዓት ያህል መራመድ ከቻለና ሌሊት ካልነቃ ቀዶ ሕክምናውን ይተዉት፤ በዚሁ ይቀጥሉ። ክብደቱ ወርዶ፣ መድኃኒቱም በልኩ ተሰጥቶ አሁንም ከሕመሙ የተነሣ ቆሞ መጸዳዳት ካቃተው፣ ሕመሙም ከዳሌው መሆኑ በምርመራ ከተረጋገጠ ያኔ ቀዶ ሕክምናው ትርጉም አለው።

ምን ዓይነት? በውጭ አገር ሙሉ የዳሌ መገጣጠሚያ በብረትና በፕላስቲክ ይተካል፤ ሌላኛው የኋላ እግራቸው ለተቆረጠ ውሾችም ተደርጎ ተሳክቷል፣ ለከባድ ውሻም የተሻለው እሱ ነው። አሜሪካ ውስጥ ለአንድ ዳሌ ብዙ ሺህ ዶላር ያስከፍላል፣ እዚህ አገር እንደ ልብ የሚገኝ አገልግሎት አይደለም። ስለዚህ ለእርስዎ የቀረበው ምናልባት የጭን አጥንቱን ራስና አንገት ቆርጦ የማውጣት ሥራ ነው። አጥንት ከአጥንት መፋተጉ ይቀራል፣ በቦታው ጠባሳና ጡንቻ የሐሰት መገጣጠሚያ ይሠራል። ጥሩ ውጤት የሚሰጠው ከ20 እስከ 25 ኪሎ በታች ለሆኑ ውሾች ነው። በ34 ኪሎ ውሻ፣ ያውም አንድ እግር ብቻ ሲቀረው፣ ጡንቻው ሸክሙን ሁሉ መያዝ ስላለበት ውጤቱ አጠራጣሪ ነው። እግሩም ትንሽ ያጥራል። እኔ 30 ኪሎ ሳይደርስ አላሠራውም፤ የጭኑ ጡንቻ መንምኖ ከሆነም መጀመሪያ በእርምጃ ይዳብር እላለሁ።

ከዚህ ሥራ በኋላ ሕመሙ ሳይጠፋ የሚቀርበት ዋናው ምክንያት አንገቱ በሙሉ ሳይቆረጥ ሹል ቅሪት መተዉ ነው፤ ቅሪቱ ከጎድጓዳው ጠርዝ ጋር ይፋተጋል። ሐኪሙን ከሥራው በኋላ፣ ውሻው ሳይነቃ፣ ራጅ እንደሚያነሣ አስቀድመው ይጠይቁት። ካላነሣ ሌላ ቦታ ይፈልጉ። ስለ ቁስል መመርቀዝም ይጠይቁ፦ ፀረ ተሕዋስያኑ በደም ሥር የሚሰጠው ከመቀደዱ በፊት ባለው አንድ ሰዓት ውስጥ ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ የእርስዎ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት በጨርቅ የተጠቀለለ ቀዝቃዛ ነገር በቀን ሦስት ጊዜ ለ10 ደቂቃ ያድርጉበት። ከሁለተኛው ወይም ከሦስተኛው ቀን ጀምሮ ማስታገሻው ከሠራ በኋላ፣ በጎኑ አስተኝተው እግሩን ቀስ ብለው ወደፊትና ወደኋላ 10 ጊዜ ያንቀሳቅሱ፣ በቀን ሦስት ጊዜ። ይህ ካልተደረገ ጠባሳው ይጠነክርና እግሩ ወደኋላ አይዘረጋም። ለመጸዳዳት ሲወጣ ሰፊ ፎጣ ከሆዱ ሥር አሳልፈው ከኋላ ይያዙት፤ ወንድ ስለሆነ ፎጣው ብልቱን እንዳይጫነው ወደ ጭኑ ይጠጋ። ተኝቶ ሲውል በየ4 ሰዓቱ ይገልበጥ። ስፌቱ ከ10 እስከ 14 ቀን ይነሣል። አራት እግር ያለው ውሻ እግሩን አንጠልጥሎ ሊያርፍ ይችላል፣ የእርስዎው ግን ከመጀመሪያው ሳምንት ሊረግጥበት ግድ ስለሆነ የማስታገሻው መድኃኒት እንዳይቋረጥ። ሁለት ወር ሙሉ ከጎኑ የሚሆን ሰው ከሌለ፣ ገንዘቡ ቢኖርም፣ ባይሠራለት ይሻላል። እግሩን ጨርሶ ካልተጠቀመ ሌላ መንገድ ስለማይኖር፣ ያለ ሥቃይ እንዲሞት ማድረግን ጨምሮ ከሐኪሙ ጋር አስቀድማችሁ ተነጋገሩ።

ለጥበቃው ነገር፦ ቢሠራለትም ባይሠራለትም ከእንግዲህ ከጅብ ጋር የሚፋለም ውሻ አይሆንም። መጮህ ግን ይችላል፣ በጎቹ በጠንካራ በረት ካደሩ መጮሁ ብዙ ነው። ማታ ከበረቱ አጠገብ በተዘጋ ቦታ ይደር እንጂ ልቅ አይለቀቅ። ተተኪ ቡችላ ማሳደግ ከፈለጉም አሁኑኑ አብሮት ቢያድግ ሥራውን ይማርበታል፤ ከእሱ ዘር ግን አይውሰዱ፣ የላላው ዳሌ ይወረሳልና።